እንግዳ ባትሪ አይይዝም

አጎቴ ደግ ሰው ነው። ሥራዬን ገደል ሊከትብኝ የነበረውም ይኸው ደግነቱ ነው። እንግዳ ሲመጣ ወንበሩን ለቆ ይነሳል፤ እንግዳው አልቀመጥም ካለ ሁለቱም ቆመው ይውላሉ። በር ላይ ከሰው ጋር ከተገናኘ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ ከኋላ ያለነው ሰልፍ እንሠራለን። አንድ ጊዜ ከአንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ጋር እንዲህ ሲገባበዙ የሊፍቱ በር ሁለቱንም ትቷቸው ተዘጋ። እኔ ውስጥ ስለነበርኩ ብቻዬን ወጣሁ።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ፋብሪካውም የእሱ ነው። ፋብሪካ ስንለው ደስ ይለናል እንጂ አንድ ረጅም አዳራሽ፣ አንድ መጋዘንና የአጎቴ ሚስት ሁሉን የምታዝዝባት አንዲት ቢሮ ናት። ለዓመታት የምንሠራው የጠረጴዛ ፕላስቲክ ነበር፤ ያ አበባ የታተመበት፣ ሻይ ሲደፋበት በእርጥብ ጨርቅ የሚጠረገው። ኬሚስትሪ ተምሬ ስመለስ አጎቴ አበባውን አስረከበኝ። ቀይ አበባ፣ ቢጫ አበባ፣ ደንበኛ ሲያጉረመርም ደግሞ ሰማያዊ አበባ። አበባ ጠላሁ። ሰው ለልደቴ አበባ ይዞልኝ ሲመጣ ፊቴ ይጠቁር ጀመር።

ስለዚህ አንድ ቀን ቆርጬ ነገርኩት። «ጋሼ፣ በዚሁ ማሽን ሌላ ነገር መሥራት እንችላለን። የመንገድ ምልክት ላይ የሚለጠፈውን፣ የመኪና መብራት ሲያርፍበት ቦግ የሚለውን ሪፍሌክተር።»

«ኤሌክትሪክ ይፈልጋል?»

«አይፈልግም። ብርሃን የለውም፤ የመጣለትን ነው ለላከለት ሰው መልሶ የሚልከው።»

አጎቴ መነጽሩን አወለቀ። «የተሰጠውን የሚመልስ? ጨዋ ዕቃ ነዋ!» አለ።

የፈቀደው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው። ግን ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። የመንገዶች መሥሪያ ቤቱ ካልተቀበለው ማሽኑ በነጋታው ወደ አበባው ይመለሳል፤ እኔም ከዚያ ወዲያ ስለ ሪፍሌክተር አላነሳበትም። ተስማማሁ፤ ምን ምርጫ ነበረኝ? ከዚያ ቀን ጀምሮ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ዕቃዬ እንዲያልፍ።

ሪፍሌክተር ሲያዩት አንድ ስስ ፕላስቲክ ይመስላል እንጂ ብዙ ነገር ተደራርቦ የተጣበቀበት ነው። ከላይ ፀሐይና ዝናብ የሚችል ጥርት ያለ ሽፋን አለ። ከሥሩ ሙጫ ይቀባና ሳይደርቅ የመስታወት ፍሬ ይነሰነስበታል። ፍሬ ስል በእጅ የሚለቀም እንዳይመስላችሁ፤ ከዱቄት የማይለይ፣ መሬት ላይ ከፈሰሰ ጎረምሳውን ሁሉ በጀርባው የሚያስተኛ ነገር ነው። እያንዳንዱ ፍሬ ብርሃኑን ሰብስቦ ከጀርባው ትንሽ ራቅ ብሎ አንዲት ነጥብ ላይ ያሳርፈዋል። እዚያች ነጥብ ላይ እንደ ፊት መስታወት ያለ ነገር ካገኘ ብርሃኑ ዞሮ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ስለዚህ በፍሬዎቹና በመስታወቱ መካከል ሌላ የሙጫ ንብርብር ይገባል፤ ሥራው ማራራቅ ብቻ ስለሆነ እኛ ማራራቂያ እንለዋለን። መስታወቱ ደግሞ አሉሚኒየም ነው፤ አየሩ በተመጠጠ ታንክ ውስጥ በሙቀት ተንኖ ማራራቂያው ላይ እንደ ጤዛ ያርፋል። ከዚያ ማጣበቂያ፣ መጨረሻ ላይ ሲለጠፍ ተልጦ የሚጣል ወረቀት።

ዕዳው ያለው ማራራቂያው ላይ ነው። ከሳሳ ብርሃኑ ገና ሳይሰበሰብ መስታወቱ ላይ ይደርሳል፤ ከወፈረ ደግሞ ተሰብስቦ፣ ተላልፎ፣ እንደገና ተበትኖ ይደርሳል። በሁለቱም መንገድ የሚመለሰው ድንግዝግዝ ነገር ነው። ደግሞም የፍሬዎቹን ጉብታ ተከትሎ እየታጠፈ መቀባት አለበት እንጂ ክፍተቱን ሞልቶ ጠፍጣፋ ከሆነ አበቃለት። ሙጫውን አቀጥናለሁ፣ ማድረቂያውን አበርዳለሁ፣ ማሽኑን አዘገያለሁ። ሌሊት በሕልሜ ሳይቀር ሙጫ ሳማስል አድር ነበር።

በስንት መከራ ማራራቂያውን ባስተካክልም ዕቃው አንድ ቀን ደህና ይሆናል፣ በማግስቱ በአንድ ዓይነት አሠራር ዳፍንት ይሆናል። ስሌቴን መቶ ጊዜ አገላበጥኩ። ማሽኑን ተሳደብኩ። በመጨረሻ ከምሳ ቀደም ብዬ ስመለስ አጎቴን ማሽኑ ላይ ጎንበስ ብሎ አገኘሁት። በአንድ እጁ ሳህን ይዟል፤ በሌላው የመስታወት ፍሬ እየዘገነ ይበትናል።

«ጋሼ! ምን እያደረግክ ነው?»

«ምነው፣ ሳሳሽበት እኮ!» አለኝ ምንም ሳይደነግጥ። «ለሰው የምንሰጠው ዕቃ ነው። እንዲህ ቆጥቆጥ አድርገሽ ስትነሰንሺ ሰው ምን ይለናል?»

«ፍሬው አንድ ረድፍ ብቻ ነው መሆን ያለበት። አንዱ አንዱ ላይ ከወጣ የታችኛው ምንም አይሠራም!»

«ሲበዛ ይደምቃል እንጂ እንዴት ይጨልማል?»

«ይጨልማል!»

«እንግዲህ ዶክተር ካሉ...» አለና ሳህኑን አስቀመጠ። ዶክተር አይደለሁም። ሲያኮርፍ ነው እንደዚያ የሚለኝ። የአጎቴ ሚስት ጉዳዩን ሰምታ የፍሬውን በርሜል በቁልፍ ቆለፈችና ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። «እኔ ሰላሳ ዓመት ወጥ ውስጥ ጨው ሲጨምርብኝ የኖረ ሰው ነው፤ አንቺን አይምርሽም» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ፈር ያዘ። መፈተሻችን አዳራሹንና መጋዘኑን የሚያገናኘው ኮሪደር ነበር። ጥቅል የጫኑ ጋሪዎች ጎን ለጎን እንዲተላለፉበት ተብሎ የተሠራ፣ ሰፊ፣ ረጅም፣ መስኮት የሌለው ነው፤ ግድግዳውን ጥቁር ቀባነውና በሩን ስንዘጋ በጠራራ ፀሐይ ድቅድቅ ጨለማ ሆነልን። ዕቃውን የምንለጥፍበት ትልቅ የቆርቆሮ ቦርድ እግሩ የተሰበረ ስለሆነ ሰው ካልደገፈው ይወድቃል። ስለዚህ እኔ አንዱ ጫፍ ላይ ቦርዱን ደግፌ እቆማለሁ፤ አጎቴ በሌላው ጫፍ የእጅ ባትሪውን ጆሮው ሥር ይዞ ያበራል። ባትሪውን ለማንም አይሰጥም።

ብርሃኑ የሚመለሰው ወደ መጣበት ስለሆነ፣ ቦግ ሲል የሚያየው መብራቱ ከዓይኑ አጠገብ ያለ ሰው ብቻ ነው። ሹፌር የሚያየው ለዚህ ነው። ከጎን ለቆመ ሰው ግን አመድ የመሰለ ፕላስቲክ ነው። መዳፍ የምታህለውን ቁራጭ ጠረጴዛዬ ላይ ባትሪ ጆሮዬ ሥር ይዤ አይቻለሁ፤ ሙሉው ቦርድ ላይ ግን እኔ የማየው አመዱን ነበር። የቀረውን ከአጎቴ ድምፅ እሰማለሁ። «እህ...» ካለ ማራራቂያው ልኩን ስቷል። «ደህና ነው» ካለ ትንሽ ቀርቶታል። አንድ ከሰዓት በኋላ «ወይ ጉድ! ኧረ ወይ ጉድ! ፀሐይ እኮ ነው!» ብሎ ኮሪደሩን ሲያናጋው ማሽኑን በዚያችው ልክ ላይ ተውኩት።

ይህን የጎንና የፊት ነገር ለአጎቴ አስረድቼዋለሁ። «አዎ፣ አዎ» ብሎኛል። አጎቴ «አዎ፣ አዎ» ካለ አልሰማም ማለት ነው።

የመንገዶች መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪው የመጡት በጠዋት ነው። ሸበቶ፣ ረጅም፣ አንድ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ጨዋነታቸው ከአጎቴ ጋር የሚወዳደር ሰው። እስከዚያ ድልድይ ሲቆጣጠሩ ኖረው ወደ ምልክት ክፍል ገና መዛወራቸው ነው። በር ላይ ከአጎቴ ጋር ስለመቅደም የተከራከሩት ክርክር ረዘም ስላለ የአጎቴ ሚስት የኋላውን በር ከፍታ በዚያ አስገባቻቸው። ዕቃችን የማጣበቅና የፀሐይ ሙከራውን ቀደም ብሎ አልፏል። የቀረው ማብራቱን እሳቸው በዓይናቸው ማየት ብቻ ነው።

ኮሪደሩ ውስጥ ስገባ ድርቅ አልኩ። አጎቴ ከቢሮ ሶፋ አስመጥቶ ከቦርዱ አጠገብ፣ ጎኑ ላይ፣ ወደ ግድግዳው አስጠግቶ አስቀምጦታል። ከፊቱም ሻይ የተቀመጠባት ትንሽ ጠረጴዛ አለች፤ ጠረጴዛዋ ላይ አበባ ያለበት ፕላስቲክ ተነጥፏል።

«ጋሼ፣ እዚህ ሆነው አይታያቸውም» አልኩት በሹክሹክታ።

«እንዴት አይታያቸውም? አፍንጫቸው ሥር ነው!»

«ባትሪውን ራሳቸው ይዘው ከዚያ ጫፍ መቆም አለባቸው።»

አጎቴ እንደ ሰደብኩት አየኝ። «እንግዳ ባትሪ ይያዝ? ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ቆመው መብራት ይያዙ? ምን ነካሽ?» አለና ባትሪውን ይዞ ወደ ማዶ ሄደ። ሰውዬው ሶፋው ላይ ተመቻችተው ስለተቀመጡ በፊታቸው መጣላት አልቻልኩም። ቦርዱን ደገፍኩ። የአጎቴ ሚስት ገብታ በሩን ዘጋችው።

«ወይ ጉድ!» አለ አጎቴ ከማዶ። «አዩልኝ? አዩልኝ አይደል? ቀን አደረገው እኮ!»

ተቆጣጣሪው አንገታቸውን ወደ ቦርዱ አሰገጉ። በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ጥሩ... ጥሩ ኮሪደር ነው» አሉ።

«ዓይን አይበላም?»

«መቼም... ይሞክራል» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «የኔ ልጅ፣ ሽማግሌውን ላስቀይማቸው አልፈልግም። ግን እኔ የማየው አመድ ነው። እንዴት ብዬ ነው የማሳልፈው?» አሉኝ።

ያ ሁሉ ልፋት ሶፋ ላይ ሊቀር ነው! «እባክዎ ወደ ጋሼ እንሂድ» ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩና የአጎቴን ሚስት ቦርዱን አስደገፍኳት። እያነከሱ መጡ። አጎቴ እንግዳው በእግራቸው ሲመጡ ሲያይ በኀፍረት ሊሞት ደረሰ። ቦታውን ለቀቀላቸው፤ ራሱ ግን ባትሪውን እንደያዘ በአክብሮት ወደ ተቃራኒው ግድግዳ ሸሸ፤ ከዚያ ሆኖ አበራ።

«ወይ ጉድ!» አለ እሱ።

«አመድ» አሉ ተቆጣጣሪው፤ አሁን ይሉኝታቸው እያለቀ ነው።

«ጋሼ፣ ጠጋ በል! ባትሪውን ጆሯቸው ሥር አድርገው!»

«በሰው ፊት ላይ? ዓይናቸው ውስጥ ልጠነቁለው?»

«እሺ ለእሳቸው ስጣቸው!»

«ኧረ አይሆንም» አሉ ራሳቸው ተቆጣጣሪው። «ከትልቅ ሰው እጅ ነጥቄ?»

«እኔ ነኝ ትልቁ? እርስዎ ሽበትዎ ከእኔ ይበልጣል!»

«ሽበት በቤተሰብ ነው። ይያዙት፣ በሞቴ!»

«በእኔ ሞት ይተውት!»

ባትሪው በሁለቱ መካከል ወዲያና ወዲህ ሲል ብርሃኑ ጣሪያውን፣ ወለሉን፣ የአጎቴን ሚስት ሁሉ አዳረሰ። «ቦርዱ እየከበደኝ ነው!» ብላ ጮኸች ከማዶ። ያኔ ትዕግሥቴ አለቀ። በዕድሜዬ በሰው ፊት አጎቴን ቀና ብዬ ተናግሬው አላውቅም። «በቃ!» አልኩ። ጮህኩ ማለት ይሻላል። ባትሪውን ነጠቅኩና ተቆጣጣሪውን አስጨብጬ ከጆሯቸው ጋር አጣበቅኩት። «አይንቀሳቀሱ!»

አጎቴ የሚገባበት ጠፋውና ሚስቱን ለማገዝ እየተንደረደረ ወደ ቦርዱ ሄደ።

«እንዴ!» አሉ ተቆጣጣሪው። «እንዴ! ይሄ ነገር... ቅድም የት ነበር?»

«እዚሁ ነበር» አልኩ።

ደስታዬ ግን ከመድረሱ የአጎቴ ድምፅ ከማዶ መጣ። «ጠፋ! ምን አደረግሽው? አበላሸሽው!»

ቦርዱን ደግፎ፣ ጎኑ ላይ ቆሞ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አመዱን እያየ ነው።

«ኧረ እያበራ ነው!» አሉ ተቆጣጣሪው።

«አይዋሹልኝ!»

«በሚወዱት ሁሉ እያበራ ነው!»

«እኔ አጠገቡ ቆሜ የማላየውን እርስዎ ከዚያ ያያሉ? ይሉኝታ ይዞዎት ነው!»

«ይሉኝታ የያዘኝ ቅድም ነበር፤ አሁን እውነቴን ነው!»

«ቅድም የያዘዎት ይሉኝታ አሁንም ይይዝዎታል!» አለ አጎቴ፤ ድምፁ ውስጥ ኀዘን ነበር። «አይሸጥም። ሹፌር ይህን አምኖ ገደል ይገባል እንዴ? ሰው አታልዬ አልኖርም። ይቅርታ፣ ስላደከምንዎት። ልጄም ይቅርታዎን ትለምናለች።»

አሁን ደግሞ ገዥው ያበራል እያሉ ሻጩ አልሸጥም አለ። ምን ይባላል? የአጎቴ ሚስት ባሏን ከቦርዱ ላይ በክርኗ ገፋችው። «ሂድና እዚያ ቆመህ እይ፤ እኔ እይዘዋለሁ። ካልሄድክ እኔም በርሜሉን እንደቆለፍኩ ቤትህን እቆልፋለሁ!»

እየተጎተተ መጣ። ተቆጣጣሪው ከእኔ ተምረዋል፤ ምንም ሳይጠይቁ በአንድ እጃቸው አንገቱን አቅፈው ጉንጩን ከጉንጫቸው አጣበቁት፤ ባትሪውን በሁለቱ ጆሮ መካከል ያዙት። ሁለት ሸበቶ ሰዎች ፎቶ እንደሚነሱ ሙሽሮች ተጣብቀው ቀሩ።

አጎቴ ወይ ጉድ አላለም። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገ።

«ያልፋል» አሉ ተቆጣጣሪው አንገቱን ሳይለቁ። «እንዳለ እንቀበለዋለን። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ በዚህ ላይ ምንም እንዳትጨምሩበት።»

የአጎቴ ሚስት ከማዶ ሳቀች። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። አለፈልኝ።

ተቆጣጣሪውን ሸኝተን፣ ማለትም በር ላይ ሁለቱ ተገባብዘው እስኪጨርሱ ጠብቀን፣ ቦርዱን ላነሳ ወደ ኮሪደሩ ተመለስኩ። አጎቴ ተከትሎኝ ገባ። ባትሪው እጁ ላይ ነው።

«አንቺ ግን ከወዲህ ቆመሽ አይተሽው ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«ቁራጩን አይቻለሁ።»

«ሙሉውን?»

«ቦርዱን ማን ይይዘዋል?» አልኩት። ለመውቀስ ብዬ አልነበረም፤ እውነቱ እሱ ስለሆነ ነው።

ባትሪውን ሰጠኝ። በሩን ዘጋና ግድግዳውን እየዳሰሰ ወደ ማዶ ሄደ። ሶፋው እግሩን ሲመታው «አይ!» ሲል ሰማሁት፤ ቀጥሎ ቦርዱ ሲቆም ቆርቆሮው ተንጣጣ።

«ይዣለሁ» አለ።

ባትሪውን ጆሮዬ ሥር አድርጌ አበራሁ። ቦርዱ ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆኖ ተነሳ፤ ጠርዙ ሳይቀር፣ አንዲት ቦታ ሳትዳፈን። ማራራቂያዬ ነው። ማንም የማያየው፣ ከመሃል ተቀብሮ የቀረው ሥራዬ ነው ይህን ሁሉ የሚመልሰው። አለቀስኩ። ማልቀሴን ለምን እደብቃለሁ።

«ያበራል?» አለ አጎቴ። እሱ ራሱ ከቦርዱ ጎን ጥቁር ጥላ ሆኖ ነው የሚታየኝ።

«ያበራል።»

«እዚህ ግን ምንም የለም።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ እንዲህ ነበር የምታይው?»

«አዎ።»

«ታዲያ መስተካከሉን በምን ታውቂ ነበር?»

«አንተ ስትጮህ።»

ቦርዱ ትንሽ ተንቀጠቀጠና እንደገና ቀጥ አለ።

«እጅህን ደከመህ?» አልኩት።

«አልደከመኝም» አለ። «አንቺ እይ።»